ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስን ማሰብ፣ ምሕረትንም መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዱ ፖፕ ፍራንሲስ ይላቸዋል፣ ሌላው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ። ካቶሊኩ ቅዱስ አባታችን ይላል። ካረፉ ወዲህ ስለ እሳቸውና ከአፋቸው ስለማይለየው ስለ ምሕረት ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤአለሁ። አንዳንዱ መልስ አጭር ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ እጄ አልቆም ብሎኛል። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛን የተጠቀምኩበት ቦታ ላይ ዓ.ም. ብዬ ለይቻለሁ።

ያረፉት መቼ ነው? ምንስ አገኛቸው?

ኤፕሪል 21 ቀን 2025፣ ማለትም ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በሮም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ35 ነበር፤ ዕድሜያቸው 88። ዕለቱ የፋሲካ ማግስት ነው። በዚያ ዓመት የምሥራቁም የምዕራቡም ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ፣ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ገና ከበዓሉ ሳይወጣ ነው ዜናው የደረሰው። ለሞት ያበቃቸው ስትሮክና እሱን ተከትሎ የመጣ የልብና የደም ዝውውር መቆም እንደሆነ ቫቲካን አስታውቋል።

ከዚያ በፊት ሁለቱም ሳንባቸው ተመቶ ሮም በሚገኘው ጀሜሊ ሆስፒታል 38 ቀን ተኝተዋል። ማርች 23 ሲወጡ ሰገነቱ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ብቅ አሉ። ፊታቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ሁሉም ምን ይሉ ይሆን እያለ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ታች ከቆመው ሕዝብ መሃል አንዲት ሴትዮ ለዩ። «ቢጫ አበባ የያዘችው ሴትዮ ትታየኛለች፤ ጎበዝ ናት!» አሉ በማይክሮፎኑ። ከሞት አፋፍ ተመልሰው ከተናገሩት የመጀመሪያ ቃል አንዱ ይኸው ነው። ስለ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ይህን ነው የምነግራችሁ። ሰው ይታያቸዋል።

የፋሲካ ዕለት ለከተማውና ለዓለም የሚሰጠውን ቡራኬ ሰጡ። ቀጥለውም በመኪና ሆነው አደባባዩን ዞሩ፤ ሕፃናትን ባረኩ። በማግስቱ የሉም።

ስማቸው ከምሕረት ጋር ለምን ተቆራኘ?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ኑዛዜ ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1953፣ ቦነስ አይረስ። የኋላው ፍራንችስኮስ፣ ሆርሄ ማርዮ ቤርጎልዮ፣ የ16 ዓመት ልጅ ናቸው። በላቲን ሥርዓት የወንጌላዊው ማቴዎስ በዓል ነው፤ በአርጀንቲና ደግሞ የተማሪዎች ቀን። ከጓደኞቻቸው ጋር ሊዝናኑ ወጥተው በሚያዘወትሩት የፍሎሬስ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) በኩል ሲያልፉ ጎራ አሉ። ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ ካህን አገኙ። ተናዘዙ። ሲወጡ ሌላ ሰው ሆነው ነበር፤ ካህን እንደሚሆኑ ያወቁት ያን ቀን ነው። በኋላ ሲያወሩት፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ይጠብቃቸው እንደነበር እንደተሰማቸው ይናገሩ ነበር።

ጳጳስ ሲሆኑ መሪ ቃላቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከማቴዎስ ነው። በላቲን «ሚሴራንዶ አትኩዌ ኤሊጄንዶ» ይላል። ከ1300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቅዱስ ቤዳ፣ ኢየሱስ ቀራጩን ማቴዎስን ስለጠራበት ወንጌል ሲሰብክ የተናገረው ነው። ጌታ ቀራጩን በምሕረት ዓይን አየውና መረጠው ነው ነገሩ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ያየው፣ ቀጥሎ የመረጠው ነው። ማቴዎስ ከቀረጥ ቦታው ገና አልተነሣም፤ ይቅርታም አልጠየቀም።

ሮም ውስጥ ቅዱስ ሉዊጂ ዘፈረንሳውያን በተባለ ቤተ ክርስቲያን ካራቫጆ የሳለው የማቴዎስ መጠራት ሥዕል አለ። ቤርጎልዮ ወደ ሮም ሲመጡ እየሄዱ ይመለከቱት ነበር። ኢየሱስ ጣቱን ይዘረጋል፤ ሰዎቹ ሳንቲም ከበዋል። በ2013 ለአንድ ቃለ መጠይቅ ያን ጣት አስታውሰው ስለ ማቴዎስ «ያ እኔ ነኝ» አሉ። ቃለ መጠይቁ የጀመረው «ማን ነዎት?» በሚል ጥያቄ ነበር። መልሳቸው «ኃጢአተኛ ነኝ፤ ጌታ ዓይኑን የጣለብኝ» የሚል ነበር።

የተቀረው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል። ማርች 13 ቀን 2013 ተመረጡ፤ ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው፣ ከኢየሱሳውያን ማኅበርም የመጀመሪያው ናቸው። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ በመስኮት ሆነው ለሕዝቡ ስለ ምሕረት ተናገሩ። «እግዚአብሔር ይቅር ማለት አይታክተውም፤ ይቅርታ መጠየቅ የሚታክተን እኛ ነን።» ያኔ ገና ጫማቸውን እንኳ አልቀየሩም ነበር። ኋላም አልቀየሩም፤ ያው ጥቁሩ ነው።

ምሕረት ማለት ይቅርታ ማለት አይደል እንዴ?

ይቅርታ የምሕረት አንድ ክፍል ነው። አማርኛችን ራሱ ይህን ያውቃል። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን። ሲታመም «እግዜር ይማርሽ» እንላለን። ሲሞት «ነፍስ ይማር»። ያስነጠሰው ሰው ምን አጠፋ? ምንም። ይቅርታ ላጠፋ ነው፤ ምሕረት ግን ለደከመም፣ ለታመመም፣ ለወደቀም ነው።

የላቲኑ ቃል «ሚዜሪኮርድያ» መከራና ልብ የሚሉ ሁለት ቃላትን ያጣመረ ነው። የሌላው መከራ ልብህ ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ደጉ ሳምራዊ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘውን ሰው ይቅር አላለውም፤ የበደለው ነገር የለማ። ቀረበው፣ ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጫነው፣ ለማደሪያው ከፈለ። ካህኑና ሌዋዊውም አይተውት ነበር። አይተው ገለል ብለው አለፉ።

የምሕረት ዓመት የተባለው ምን ነበር?

ከዲሴምበር 8 ቀን 2015 እስከ ኖቬምበር 20 ቀን 2016 የታወጀ ልዩ ኢዮቤልዩ ነው። ኢዮቤልዩ በተለመደው በ25 ዓመት አንዴ ነው፤ ይህ ግን ከተራው ውጪ የመጣ ነው።

የሚገርመው የመጀመሪያው ቅዱስ በር፣ ማለትም ምእመናን በኢዮቤልዩ የሚያልፉበት በር፣ የተከፈተው ሮም አይደለም። ከመክፈቻው ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ኖቬምበር 29፣ ባንጊ ላይ ነው። የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ያኔ ክርስቲያን ነኝ የሚለውና ሙስሊም ነኝ የሚለው ታጣቂ የሚፋጅበት አገር ነበር። ለደኅንነትዎ ያሰጋል፣ ይቅርብዎ ተብለው ነበር። ሄዱ። የካቴድራሉን የእንጨት በር በእጃቸው ገፍተው ከፈቱ፤ ባንጊ የዓለም መንፈሳዊ ዋና ከተማ ሆነች አሉ። በማግስቱ ሙስሊሞች ወዳሉበት ሰፈር ሄደው መስጊድ ገቡ።

በዚያው ዓመት በወር አንድ ዓርብ ያለ ካሜራ ጋጋታ ድንገት የሆነ ቦታ ይከሰቱ ነበር። አረጋውያን ቤት፣ ከሱስ የሚያገግሙ ወጣቶች ዘንድ፣ ከሴተኛ አዳሪነት የወጡ ሴቶች ዘንድ። የምሕረት ዓርብ ይሉት ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ የድሆች ቀን በየዓመቱ እንዲከበር አደረጉ።

የምሕረት ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?

በካቶሊክ ትምህርት ሰባት ሥጋዊ፣ ሰባት መንፈሳዊ ናቸው። ሥጋዊዎቹ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታረዘን ማልበስ፣ እንግዳን መቀበል፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት፣ የሞተን መቅበር ናቸው። ስድስቱ ማቴዎስ 25 ላይ አሉ፤ መቅበር ከመጽሐፈ ጦቢት ነው። መንፈሳዊዎቹ የተጠራጠረን መምከር፣ ያላወቀን ማስተማር፣ ኃጢአተኛን መገሠጽ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ የበደለን ይቅር ማለት፣ አስቸጋሪ ሰውን በትዕግሥት መቻል፣ ለሕያዋንና ለሙታን መጸለይ ናቸው። ፍራንችስኮስ በ2016 የጋራ ቤታችንን ምድርን መንከባከብ ከሁለቱም ወገን እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ስድስተኛው መንፈሳዊ ነው። የተራበን ማብላት ቀላል ነው፤ አብልተህ ትሄዳለህ። አስቸጋሪ ሰው ግን ነገም እዚያው ነው። አንዳንዴም ቤት ውስጥ ነው። አንዳንዴ መስታወት ውስጥ።

ለለመነኝ ሰው ገንዘብ ብሰጠው ለመጠጥ ቢያውለውስ?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ያለ አይመስለኝም። በ2017 ሚላኖ ውስጥ ቤት የሌላቸው ሰዎች የሚሠሩበትና የሚሸጡት አንድ መጽሔት ቃል በቃል እሳቸውንም ጠይቋቸዋል። መልሳቸው ብዙ ሰው አስደንግጧል። አንድ ብርጭቆ ወይን በሕይወቱ ያለው ብቸኛ ደስታ ከሆነ ይሁንለት አሉ። ይልቅ አንተ በድብቅ ምን ታደርጋለህ? የአንተስ ደስታ ምንድን ነው? ብለህ ራስህን ጠይቅ። አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ቤት አለህ፣ ትዳር አለህ፣ ልጆች አሉህ።

ግን እሳቸው ዘንድ ዋናው ጥያቄ መስጠትና አለመስጠት አልነበረም፤ እንዴት እንደምትሰጥ ነው። በዚያው በተመረጡበት ዓመት፣ በጰንጠቆስጤ ዋዜማ፣ የጴጥሮስ አደባባይን ለሞላው ሕዝብ ምጽዋት እሰጣለሁ የሚላቸውን ሰው የሚጠይቁትን ነገሩት። ምጽዋት ስትሰጥ ዓይኑን ታየዋለህ? እጁን ትነካዋለህ? ወይስ ሳንቲሙን ትወረውርለታለህ?

እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ራሴን ታዘብኩ። እሰጣለሁ፤ ግን ስልኬን እያየሁ ነው የምሰጠው። አንድ ቀን ቀና ብዬ አየሁ። ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ የማይጠፉ እናት ናቸው፤ ስንት ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ ዓይናቸው የማያይ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በነገራችን ላይ እሳቸው ይህን በወሬ ብቻ አልተዉትም። በ2015 ከጴጥሮስ አደባባይ ዓምዶች ሥር ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሻወርና ፀጉር ማስተካከያ ተከፈተ። ሻወርና ፀጉር አስተካካይ፤ ሳህን ሾርባ ብቻ አይደለም። የተራበ ሰው የሚርበው እንጀራ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው ፊት በንጽሕና መቆምም እንደሚናፈቅ የገባው ሰው ነው ይህን የሚያስበው።

ገንዘብ የለኝም። ጊዜም የለኝም። ምን ላድርግ?

ከአሥራ አራቱ ሥራዎች መሃል ገንዘብ የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው፤ ቁጠሩት። የጊዜውን ነገር ግን አላውቅም፤ ሁላችንም እንላታለን።

የበደለኝን ሰው ይቅር ማለት አልቻልኩም። ምሕረት የለኝም ማለት ነው?

አይደለም። ይቅርታ እንደ መብራት ማብሪያ ጠቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜ ነው?» ሲል የተሰጠው መልስ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ነው። ብዙ ሰው ይህን 490 የተለያየ በደል አድርጎ ያስበዋል። አንዱንና ያንኑ በደል፣ ጠዋት በተነሣህ ቁጥር እንደገና ይቅር ማለትም ሊሆን ይችላል። እኔ እንደዚያ ነው የሚገባኝ።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር አለ። ይቅር ማለት ፍርድ ይቅር ማለት አይደለም። የሚደበድብሽ ሰው ዘንድ ተመለሺ ማለትም አይደለም። ፍራንችስኮስ የምሕረት ዓመትን ባወጁበት ደብዳቤ ላይ ይህን በግልጽ ጽፈውታል። ያጠፋ ሰው የጥፋቱን ዋጋ መክፈል አለበት፤ ግን ያ የመለወጥ መጀመሪያው ነው፣ መጨረሻው አይደለም። በሩ አይዘጋበትም ማለት ነው። በ2018 የሞት ቅጣት በየትኛውም ሁኔታ ተቀባይነት የለውም ተብሎ በካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ እንዲጻፍ ያደረጉትም በዚሁ ሐሳብ ነው።

እስር ቤት ነፍሳቸው ነበር። ከተመረጡ ሁለት ሳምንት ገና እንዳለፈ ጸሎተ ሐሙስን ሮም በሚገኝ የወጣት ጥፋተኞች ማረፊያ አደረጉና የአሥራ ሁለት ልጆች እግር አጠቡ። ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከታጠቡት መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። የመጨረሻው ጸሎተ ሐሙስ ላይ፣ ሊሞቱ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ሮም ውስጥ ሬጂና ቼሊ እስር ቤት ሄዱ። ጎንበስ ማለት አይችሉም። «ዘንድሮ እግር ማጠብ አልችልም፤ አጠገባችሁ መሆን ግን እችላለሁ፣ እፈልጋለሁም» አሏቸው። ሲወጡ ለጋዜጠኞች እንደነገሩት፣ እስር ቤት በገቡ ቁጥር ራሳቸውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ለምን እነሱ? ለምን እኔ አይደለሁም?

ንስሐ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ካህኑ ፊት ምን ብዬ ልቅረብ?

«ዓመታት አልፈዋል» ብለው ይጀምሩ። በቂ ነው።

ፍራንችስኮስ ለካህናቱ መናዘዣ ቤት የማሠቃያ ክፍል መሆን የለበትም ብለው ጽፈዋል። እሳቸው ራሳቸው ይናዘዙ ነበር፤ በ2014 ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ ሊያናዝዙ የተዘጋጀ ቦታ ሲያሳዩአቸው መንገዳቸውን ቀየር አድርገው ሌላ ካህን ፊት ሄደው ተንበረከኩ። መጀመሪያ እሳቸው ተናዘዙ ማለት ነው።

ደጋግመው የሚያወሩት ታሪክም አለ። ቦነስ አይረስ ረዳት ጳጳስ ሳሉ አንዲት ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጊት ሊናዘዙ መጡ። «እማማ፣ እርስዎ ምን ኃጢአት አለብዎ?» አሏቸው። «ሁላችንም አለብን» አሉ አሮጊቷ። «ጌታ ይቅር ባይልዎትስ?» «ጌታ ሁሉንም ይቅር ይላል።» «በምን አወቁ?» «ጌታ ሁሉንም ይቅር ባይል ኖሮ ዓለም አይኖርም ነበር።» ቤርጎልዮ ትምህርት የተማሩት የት ነው ብለው ሊጠይቋቸው ዳድቷቸው ነበር።

መለኮታዊ ምሕረት እሑድ ምንድን ነው? ከእሳቸው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው፤ እኛ ዳግም ትንሣኤ የምንለው። ቶማስ ቁስሉን ካላየሁ ያለበት ወንጌል ይነበባል። ፋውስቲና ኮቫልስካ የምትባል በ33 ዓመቷ ያረፈች ፖላንዳዊት መነኩሲት ነበረች። በ1931 ነጭ የለበሰ፣ ከልቡ ቀይና ነጣ ያለ ብርሃን የሚወጣ ኢየሱስን አየሁ አለች። ከሥዕሉ ሥር «ኢየሱስ ሆይ፣ በአንተ እታመናለሁ» የሚለው ጽሑፍ ከዚያ የመጣ ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ2000 ቅድስት ብለው ሲያውጇት ቀኑንም ለመላው ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ጌታ በመስቀል ላይ ባረፈበት ሰዓት፣ በመቁጠሪያ የሚደገመው የምሕረት ጸሎትም ከእሷ ነው የመጣው።

አጋጣሚው ግን ይደንቃል። ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ2005 ያረፉት በዚህ በዓል ዋዜማ ማታ ነው። ፍራንችስኮስ በ2025 የተቀበሩትም በዚሁ በዓል ዋዜማ ነው። ቅዳሜ ተቀበሩ፤ እሑድ የምሕረት በዓል ሆነ። ይህን የሚያቀናጅ የፕሮግራም ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም።

መቃብራቸው የት ነው? ለምን ከሌሎቹ ጋር አልተቀበሩም?

ሮም፣ በታላቋ የቅድስት ማርያም ባዚሊካ ነው። ከቫቲካን ውጪ ነው። በጁን 29 ቀን 2022 በጻፉት ኑዛዜ ጠይቀዋል፤ መቃብሬ በመሬት ውስጥ ይሁን፣ ቀለል ያለ ይሁን፣ ልዩ ጌጥ አይኑረው፣ «ፍራንችስኩስ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አይጻፍበት ብለዋል። እንደዚያው ሆነ።

ለምን እዚያ? እዚያ የሮም ሕዝብ መድኃኒት የምትባል ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለች። ወደ ውጭ አገር ከመሄዳቸው በፊት ይሳለሟታል፤ ሲመለሱም ከአውሮፕላን ወርደው ቀጥታ እሷ ጋ ነው። ከመቶ ጊዜ በላይ ሄደዋል። ከሆስፒታል በወጡበት ቀን እንኳ፣ እንደዚያ ደክመው፣ መኪናቸው በዚያ በኩል ዞሮ በሩ ላይ ቆመ። ለሥዕሏ የሚቀመጥ አበባ ሰጡ።

ቀብራቸው ላይ ነገሥታትና ፕሬዚዳንቶች ነበሩ። ቫቲካን 250 ሺህ ያህል ሰው ተገኝቷል ብሏል። አስከሬኑ ባዚሊካው ደጅ ሲደርስ ግን ደረጃው ላይ ቆመው የተቀበሉት 40 ያህል ድሆች፣ ስደተኞች፣ እስረኞችና ቤት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ነጭ ጽጌረዳ ይዘዋል። የመጨረሻውን ሰላምታ ያቀረቡት እነሱ ናቸው።

ቅዱስ ናቸው? ለእሳቸው ነው ወይስ በእሳቸው በኩል ነው የምጸልየው?

ቤተ ክርስቲያኗ ቅዱስ ብላ አላወጀችም። የቅድስና ሂደት በተለመደው ሥርዓት የሚጀመረው ሰውየው ካረፈ 5 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በግል አማልዱኝ የሚል ሰው ካለ ማንም አይከለክለውም። እስከዚያው ግን ነፍስ ይማር ማለት ነው። እሳቸውም ያገኟቸውን ሁሉ «ለእኔ መጸለይን አትርሱ» ይሉ ነበር፤ ንግግራቸውን የሚዘጉት በዚህ ነው። ስለዚህ ለእሳቸው መጸለይ የአደራ ነገር ነው።

ካቶሊክ አይደለሁም። ማሰብ ይገባኛል?

ለምን አይገባም! በኤፕሪል 2015 ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በግፍ ሲገደሉ ለብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ የሐዘን መልእክት ጽፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት ፓትርያርኩን ቫቲካን ላይ ተቀብለው ስለ ሰማዕታት ደም አንድነት ተናግረዋል። ገዳዮቹ ካቶሊክ ነህ ወይስ ኦርቶዶክስ ብለው አልጠየቁም፤ የሐሳባቸው ፍሬ ይህ ነበር።

ከሁሉ ግን ለጎረቤቶቻችን ያደረጉት ከዓይኔ አይጠፋም። ኤፕሪል 11 ቀን 2019 የደቡብ ሱዳን መሪዎችን፣ ሳልቫ ኪርንና ሪየክ ማቻርን ጨምሮ፣ ለሱባዔ ቫቲካን ጋብዘዋል። መጨረሻ ላይ ሰላምን ጠብቁ ብለው ለመኗቸው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። የ82 ዓመት ሽማግሌ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በሰው ተደግፈው ወለሉ ላይ ወረዱ። የአንዱን ጫማ ሳሙ። ተነሡ። ወደ ሌላው ሄዱ። እንደገና ወረዱ። ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ደርቀው ቆሙ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው እግር ላይ ሲወድቅ ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ሰላሙ መጣ ወይ ካላችሁ፣ የደቡብ ሱዳንን ዜና የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ። ምሕረት ውጤት አይቶ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ስሙ ንግድ ይሆን ነበር።

ሁሉም ይወዷቸው ነበር?

የለም። ገና በ2013 ስለ ግብረ ሰዶማውያን ሲጠየቁ «እኔ ማን ነኝና እፈርዳለሁ?» ማለታቸው አንዱን አስደስቷል፣ ሌላውን አስቆጥቷል። በ2023 መጨረሻ ላይ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ስለሚሰጥ ቡራኬ የወጣውን ሰነድ አብዛኞቹ የአፍሪካ ጳጳሳት እኛ ዘንድ አይሠራም ብለዋል። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም።

የተሳሳቱበትም አለ። ቺሊ ውስጥ በካህናት የተደፈሩ ሰዎች ያሰሙትን ክስ በ2018 መጀመሪያ ላይ ስም ማጥፋት ነው ብለው ነበር። ጥቂት ወራት ቆይተው ከባድ ስሕተት እንደሠሩ በደብዳቤ አመኑ። ተበዳዮቹን ሮም ጠርተው ይቅርታ ጠየቁ። ስለ ምሕረት ሲሰብክ የኖረ ሰው እሱ ራሱ ይቅርታ ለማኝ ሲሆን ማየት ለአንዳንዱ ውርደት ነው። እኔ ግን ከስብከቶቻቸው ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

የሙት ዓመታቸውን እንዴት ላስበው?

የሚችል ቅዳሴ ያስቀድስ። ያልቻለ አንድ አባታችን ሆይ ይድገም። የታሰረ የሚያውቅ ይጠይቅ። የተጣላውን ሰው ያሰበ ይታረቅ። ዝርዝሩን ከላይ ጽፌዋለሁና አልደግመውም። ሉቃስ 6፥36ን ማንበብም ደግ ነው፤ የምሕረቱን ዓመት መሪ ቃል የወሰዱት ከዚያ ነው። «አባታችሁ ርኅሩኅ እንደ ሆነ ርኅሩኆች ሁኑ።»

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ልጀምር ብል ምን ትመክረኛለህ?

ስልክ ደውል።

እሳቸው በጋዛ ጦርነቱ ከጀመረበት ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በዚያ ላለችው ለአንዲቷ የካቶሊክ ቁምስና፣ ለቅድስት ቤተ ሰብ፣ ማታ ማታ ይደውሉ ነበር። በግቢው ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠልለዋል። ጥሪው አጭር ነው። ሰላም ናችሁ? ልጆቹ እንዴት ናቸው? በጃንዋሪ 2025 ሕዝብ ፊት ስለ አንዱ ጥሪ ተናግረው ነበር፤ «ዛሬ ምን በላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። «ምስርና ዶሮ» አሏቸው። ደስ ብሏቸው ነበር አሉ።

ሆስፒታል ተኝተውም ደውለዋል። የመጨረሻው ጥሪ የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ ነበር።